ጌሾዬ ውስጥ ወፍ ጎጆ ሠርታለች፣ ቅጠሉን ምን ላድርገው?

የፍኖተ ሰላሟ (ጠያቂ)፦
ሰላም ናችሁ? ጓሮዬ ካለው ጌሾ ውስጥ አንዲት ወፍ ጎጆ ሠርታለች። ቁመቱ ደረቴ ጋ ነው። ከደረቅ ሣርና ከቀጫጭን ሥር የተሠራ፣ ከሲኒ ትንሽ ሰፋ የሚል ነገር። ውስጡ ሦስት እንቁላል አለ፤ ነጣ ያለ ሮዝ ሁኖ ቀይ ነጠብጣብ አለበት። ወፏ ቡናማ ናት፣ ራሷ ጠቆር ይላል፣ ስትደነግጥ የራሷን ላባ ታቆመዋለች።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ የሰኔ ሚካኤል ማኅበር ተራው የኔ ነው፣ ጠላ መጥመቄ አይቀርም፣ የምቀጥፈው ጌሾ ደግሞ ይኸው ነው። ልጆቹ በየደቂቃው ቅጠሉን እየገለጡ ያያሉ። ድመትም አለችን። እናቴ ደግሞ «የሰው እጅ ከነካው ትታው ትሄዳለች» ትላለች። እውነት ነው? ስንት ቀንስ ልጠብቅ? ግንቦት ገብቷል እኮ።

ጣና ዳር፦
እታለም፣ እንደነገርሽን ከሆነ ቡልቡል ናት። እኔ ባሕር ዳር እንግዳ ሳስጎበኝ በየግቢው አያታለሁ፣ ጠዋት ከሁሉ ቀድማ የምትጮኸው እሷ ናት። ሁለት ወይ ሦስት እንቁላል ነው የምትጥለው። ከ12 እስከ 14 ቀን ትታቀፋለች። ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ በኋላም ሁለት ሳምንት ገደማ ቢቆዩ ነው። ተደምሮ ወር አይሞላም።

የእናትሽን ነገር በተመለከተ፣ የእጅ ሽታ አይደለም የሚያባርራት። ወፍ የምትሸሸው ሲደጋግሙባት ነው። በተለይ ገና እንቁላል ላይ ሳለች ቶሎ ትተዋለች፣ ጫጩት ካወጣች በኋላ ግን እንደዚያ በቀላሉ አትተውም። ከሁሉ የከፋው ቅጠል መግለጡ ነው። ያ ቅጠል ጥላዋም መደበቂያዋም ነው። ገልጠውት ከሄዱ ቁራ ከላይ ያያል፣ ቀትር ላይ ደግሞ ፀሐዩ እንቁላሉን ያበላሸዋል።

የቡሬው፦
ኧረ ተዉ! ይቺ ወፍ እኮ ፓፓያዬን ሳይበስል ጀምራ፣ ዘይቱኑን ደግሞ በስሎ ሳልቀምሰው የምትጨርስ ናት። ለሷ ተብሎ የማኅበር ጠላ ሊቀር ነው?

ጣና ዳር፦
ወንድምዓለም፣ ፍሬ መብላቷን አልክድም። ጫጩት ስታሳድግ ግን ትልና ፌንጣ ጭምር ነው የምታመላልሰው፤ ጎመንህ አጠገብ ብትሠራልህ ትመርቃት ነበር።

እማማ ጓሮ፦
ልጄ፣ የጠላውን ነገር ለኔ ተይው። አንድ ቁጥቋጦ ጌሾ ዙሪያውን ቅጠል ነው። ጎጆው ካለበት ቅርንጫፍና ከሱ በላይ ካለው ምንም አትንኪ፣ ከወዲያኛው ጎንና ከታች ቅጠፊ። በምንም ቢሆን ግንዱን አትቁረጪ፤ ለጠላ የሚፈለገው ቅጠሉ ነው፣ እንጨቱ ለጠጅ ይሁን። ወፏ ለምግብ ወጣ ስትል ገባ ብለሽ ትንሽ ቀጥፈሽ ውጪ፣ ነገም እንዲሁ። ሁሉንም በአንድ ቀን ካልጨረስኩ አትበዪ። ካነሰሽ ገበያ ወጥተሽ ሙይው፣ ጌሾ እንደሆነ በጎጃም ገበያ ጠፍቶ አያውቅም።

ለድመቷ የአጋም እሾህ ቆርጠሽ ከቁጥቋጦው ሥር ዙሪያውን ደርድሪ። ጉንዳን እንዳይወጣባቸው ደግሞ አመድ ነስንሺ፣ ዝናብ ባጠበው ቁጥር ድገሚው። ጉንዳን ከድመት ይብሳል፣ ጫጩት ጎጆው ውስጥ እንዳለ ይጨርሳል።

ዳንግላ፦
ልጆቹን መከልከል አይሆንልሽም፣ ሥራ ስጫቸው። እኛ ቤት መስኮት ሥር በርጩማ አድርገን ከዚያ ወዲህ ብቻ ነው የሚያዩት። ስልክሽ ካሜራውን ያቀርብ የለ? በሱ ይዩ፣ ብልጭታው ግን ይጥፋ። ማን ምን ይዞ መጣ እያሉ ደብተር ላይ ይጻፉ። የኔው ልጅ ወንጭፉን የጣለው እንዲህ ሲጠብቅ ነው፣ አሁንማ የሰፈሩን ልጅ እሱ ነው የሚያባርረው።

ቀበሌው፦
እግረ መንገዴን ልጠይቅ፣ እኛ ግቢ ዛፉ ላይ ብዙ ጎጆ ተንጠልጥሏል፣ ግማሹ ባዶ ነው። ቢጫዎቹ ወፎች ራሳቸው ሲያፈርሱትም አይቻለሁ። ታመው ነው?

ጣና ዳር፦
አይ፣ ጤነኞች ናቸው። እነዚያ ሸማኔ ወፎች ናቸው። ሠሪው ወንዱ ነው፤ እርጥብ ሣር ሰንጥቆ ይሸምንና ከበሩ ሥር ቁልቁል ተንጠልጥሎ ክንፉን እያራገበ ሴቷን ይጠራል። ገብታ ታየዋለች። ካልወደደችው ወይ ሣሩ ከደረቀበት አፍርሶ እንደገና ይጀምራል። ባዶውን አይታችሁ ቅርንጫፉን እንዳትቆርጡ፣ አጠገቡ ያለው እንቁላል ሊኖረው ይችላል።

የፍኖተ ሰላሟ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። እንዳላችሁት ከወዲያኛው ጎን ቀጥፌ አስጥቼዋለሁ፣ ጥንስሱም ይደርሳል። ወፏ አልሄደችም። ትናንት ሁለቱ ተፈልፍለዋል፣ ላባ የላቸውም፣ አፋቸው ብቻ ነው የሚታየው! ትንሽ ወተት በጥጥ ላድርግላቸው?

ጣና ዳር፦
በፍጹም! ወፍ ወተት አይስማማትም። ውኃም አፋቸው ውስጥ አታንጠባጥቢ፣ ወደ መተንፈሻቸው ይገባና ይሞታሉ። እናትና አባት ሁለቱም ያበላሉ። አንድ ነገር ብቻ፦ ላባ ማብቀል ሲጀምሩ ወደ ጎጆው መጠጋት ይቁም፣ ከደነገጡ መብረር ሳይችሉ ዘለው ይወጣሉ። መሬት ላይ ካገኘሽው ወደ ቤት አታስገቢው። ከዚያው ጌሾ ቅርንጫፍ ላይ አስቀምጪውና ድመቷን አስገብተሽ በሩን ዝጊ፣ ወላጆቹ ድምፁን ሰምተው ይመጣሉ።