የግቢያችን ዋይፋይ የስድስት ክፍል ነው፤ ቴሌግራሜን ማን ከፈተው?

በርጩማ ሻጯ (ጠያቂ)፦
ሰላም ቤተሰብ። ጅማ፣ ቆጪ አካባቢ ተከራይቼ ነው የምኖረው። ግቢው ውስጥ ስድስት ክፍል አለ፤ ዋይፋዩ ግን አንድ ነው። ራውተሩ አከራያችን እትዬ ሳሎን፣ ቡፌው ላይ ተቀምጧል። ወር ሲሞላ ሂሳቡን ተካፍለን እንከፍላለን። ፓስወርዱን ቡና ሊጠጣ የመጣ እንግዳ ሁሉ ያውቀዋል።

እኔ የጅማ በርጩማ በቴሌግራም እየሸጥኩ አዲስ አበባ እልካለሁ። ሰሞኑን አንዲት ደንበኛዬ ደውላ «ማታ የላክሽልኝ የባንክ ቁጥር የማን ነው?» አለችኝ። እኔ ምንም አልላክሁም! ቻቱን ብከፍተው ምንም የለም። እሷ ግን ስክሪንሾቱን ላከችልኝ፤ በኔ ስም፣ በኔ ፎቶ ተጽፏል። እግዜር ይስጣት፣ ሳትከፍል ደወለች።

ግቢያችን አዲስ የገባ ተማሪ አለ፤ ኮምፒውተር ነው የሚያጠናው፣ መብራቱም ሌሊቱን ሙሉ አይጠፋም። ሰው መጠርጠር አልወድም፤ ግን በዋይፋይ በኩል ገብቶብኝ ይሆን? ቴሌብሬስ?

የአጂፕ ልጅ፦
እኔ ብሆን ዋይፋዩን ዛሬውኑ ትቼ በዳታ ነበር የምጠቀመው። ካልሆነም ቪፒኤን (ኢንተርኔትሽን ሸፍኖ በሌላ ሰርቨር በኩል የሚያሳልፍ አፕ) ጫኚ፤ ነጻ የሆኑ ሞልተዋል።

ኬብል ጎታች፦
ቆይ ወንድሜ። ነጻ ቪፒኤን ማለት ከእትዬ ራውተር ሸሽቶ የማታውቀው ድርጅት ቤት መግባት ነው። ትራፊክህ በሙሉ በነሱ በኩል ያልፋል። በምን እንደሚተዳደሩ ጠይቀህ ታውቃለህ?

እህቴ፣ አንድ ዋይፋይ ላይ ያለ ሰው መልእክትሽን እንዲሁ አያነብም። ድሮ ይቻል ነበር። በፈረንጆቹ 2010 ፋየርሺፕ የሚባል የፋየርፎክስ ማሟያ ወጥቶ፣ ክፍት ዋይፋይ ላይ የተቀመጠ ማንም ሰው የጎረቤቱን ፌስቡክ በአንድ ክሊክ ይከፍት ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ትልልቆቹ ድረ ገጾች ወደ ኤችቲቲፒኤስ (በአንቺና በድረ ገጹ መካከል የሚያልፈውን የሚመሰጥር ዘዴ) የተጣደፉት። አሁን ሰላይ ቢኖር የከፈትሽውን ድረ ገጽ ስም ያይ ይሆናል፤ ውስጡን ግን አያይም። ቴሌግራምም የራሱ ምስጠራ አለው።

ስለዚህ ልጁን ተዪውና ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ «ዲቫይስ» የሚለውን ክፈቺ። አካውንትሽ የተከፈተበት ስልክና ኮምፒውተር ሁሉ እዚያ ተዘርዝሯል። የማታውቂው አለ?

በርጩማ ሻጯ፦
ኧረ ጉድ! ስልኬ አለ፤ ከሥሩ ደግሞ «ዴስክቶፕ፣ ዊንዶውስ» ይላል። እኔ ኮምፒውተር የለኝም!

ኬብል ጎታች፦
ሌሎቹን በሙሉ የሚያስወጣውን ቀይ ጽሑፍ ተጫኚው፣ አሁኑኑ። ከዚያ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን አብሪ። ያኔ በኤስኤምኤስ የሚመጣው ኮድ ብቻውን አይበቃም፣ ያንቺም ፓስወርድ ይጠየቃል። እስቲ አስታውሺ፣ በሰው ኮምፒውተር ከፍተሽ አታውቂም?

በርጩማ ሻጯ፦
አስወጣሁት። ወይ ጣጣዬ፣ አሁን ትዝ አለኝ! የዋጋ ዝርዝር ፕሪንት ላስደርግ አንድ ኮፒ ቤት ገብቼ ነበር። ፋይሉ ቴሌግራሜ ላይ ስለነበር ካሬውን ኮድ በስልኬ ስካን አድርጌ ከፈትኩት። ድንገት መብራት ጠፋ። ወረቀቴን ይዤ ወጣሁ፤ ሎግ አውት ማድረጉን ማን አስታውሶት!

የባንክ ሰው፦
የቴሌብሩን ልመልስልሽ። በ*127# ስትጠቀሚ የምትሄጂው በስልክ መስመሩ ነው፤ ከዋይፋዩ ጋር አይገናኝም። አፑም ቢሆን ከሰርቨሩ ጋር ተመስጥሮ ነው የሚያወራው። እኔ የማየው ጥፋት ሁሌ ሌላ ነው፦ «ከቴሌ ነው፣ የመጣልሽን ቁጥር ንገሪኝ» ለሚል ደዋይ መንገር፣ ወይ ወረፋ ላይ ፒን ሲያስገቡ ከጀርባ መታየት። ለደንበኞችሽም ቻናልሽ ላይ ጻፊ፤ ሌላም ሰው ጋ ያ የባንክ ቁጥር ተልኮ ይሆናል።

የኪቶ ፉርዲሳ ተማሪ፦
ዋይፋዩም ግን ንጹሕ ነው አይባልም። ደብሊውፒኤ 2 (ዋይፋዩ በአየር የሚልከውን የሚመሰጥርበት ዘዴ) ላይ ፓስወርዱን የሚያውቅ ሰው፣ ስልክሽ ሲገናኝ አድፍጦ ከያዘው የአየሩን ምስጠራ ሊፈታ ይችላል። ኤችቲቲፒኤስ ከሥር ስላለ ነው የምትተርፊው። ብሮውዘርሽ «ደህንነቱ የተጠበቀ አይደለም» ካለሽ አትለፊ።

ዋናው ራውተሩ ነው። የአድሚን ፓስወርዱ (የራውተሩን ሴቲንግ የሚከፍተው) ከፋብሪካ እንደመጣ ከሆነ ማንም ገብቶ ዲኤንኤሱን (የድረ ገጹን ስም ወደ አድራሻው የሚመራውን) ይቀይርና ወደ አስመሳይ ገጽ ይመራችኋል። ራውተሩን ገልብጪው፣ ሆዱ ላይ አድራሻው ተለጥፏል፤ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው። አድሚኑን ቀይሪ፣ ደብሊውፒኤስ (ያለ ፓስወርዱ በቁልፍ ወይም በፒን የሚያገናኘውን) አጥፊ፣ ለእንግዳ ጌስት ኔትወርክ (ከዋናው የተለየ ዋይፋይ) ክፈቺ። ላፕቶፕ ያላቸው ደግሞ ለሌሎች እንዳይታይ ሴቲንግ ውስጥ ዋይፋዩን «ፐብሊክ» ይበሉት።

በርጩማ ሻጯ፦
ሁሉም አለቀ። የሠራው ማን መሰላችሁ? ያው የጠረጠርኩት ልጅ! ራውተሩን ገልብጦ በስልኩ መብራት ሲያነብ እኔ አፍሬ ቡና አፈላሁለት። አድሚኑ አሁን እትዬ ጋ ብቻ ነው። አዲሱን ፓስወርድም በትልቁ ወረቀት ላይ ጽፈው ቡፌው ላይ ለጥፈውታል።

ኬብል ጎታች፦
የጌስቱን ነው አይደል?

በርጩማ ሻጯ፦
ሁለቱንም። 🙈