ነጥብ ሦስት፦ የፕሮግራማችንን የሊኑክስ ቅጂ ሠርተን እንሽጥ ወይስ ይቅር?

ሰብሳቢ፦ ጤና ይስጥልኝ አባላት። ለጠቅላላ ጉባኤ ከሚቀርበው ረቂቅ ያልተዘጋው ነጥብ ሦስት ብቻ ነው፤ «የዕቃ መመዝገቢያ ፕሮግራማችንን የሊኑክስ ቅጂ ሠርተን፣ ኮዱን ሳንሰጥ እንሸጣለን» ይላል። ሊኑክስ ማለት ኮምፒውተር ላይ በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫን፣ በነፃ የሚገኝ ሥርዓት ነው፤ ኮዱ ደግሞ ፕሮግራሙ የተጻፈበት ጽሑፍ ነው። ባለፈው ቱሉ ዲምቱ ስንገናኝ ቡና ጠጥተን ነው የተለያየነው፤ ዛሬ እንጨርሰው።

ሒሳብ ያዥ፦ እኔ አልደግፍም። ሊኑክስ የሚጠቀም ሰው ነፃ ነገር ለምዷል። ሎኪ የሚባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ጌም ወደ ሊኑክስ እያዞረ ሲሸጥ ዕዳ በልቶት በ2002 ተዘጋ። የድረ ገጽ ጎብኚዎችን በሚቆጥረው በስታትካውንተር ቆጠራ እንኳ የሊኑክስ ዴስክቶፕ ድርሻ 4 ከመቶ የደረሰው በ2024 ነው።

የቴክኒክ ኃላፊ፦ እህቴ፣ ቁጥሩ ላይ ልክ ነሽ፤ «አይከፍሉም» የሚለው ላይ ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ሀምብል ባንድል የሚባለው የጌም ሽያጭ ጌሞቹን «የፈቀዳችሁትን ክፈሉ» ብሎ ሲያወጣ፣ በአማካይ ከሁሉም አብልጠው የከፈሉት የሊኑክስ ሰዎች ነበሩ።

ፀሐፊ፦ ኮዱን ብንዘጋ ጂፒኤል፣ ያ «ኮዱን አብራችሁ ስጡ» የሚለው የሊኑክስ ፈቃድ፣ አያስጠይቀንም?

የቴክኒክ ኃላፊ፦ ሊኑክስ ላይ ስለሠራ ብቻ አያስጠይቅም። የፕሮግራማችንን መስኮቶች የምንሠራበትን ኪውቲ የሚባል ላይብረሪ (የተዘጋጀ የኮድ ስብስብ) ግን ላላ ባለው ፈቃድ፣ በኤልጂፒኤል፣ ስለምንጠቀም ከእኛ ኮድ ለይተን ለብቻው እናስቀምጠዋለን።

የገላኑ አባል፦ እኔ ደግሞ ያየሁትን ልናገር። እዚህ ገላን አንድ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለ። ኮምፒውተሩ አሮጌ ነው፣ ዊንዶውስ 11 አይቀበልም፤ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ደግሞ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አበቃ። ሚንት የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት ጫንኩለት። ባለሱቁ እስከ ዛሬ ሊኑክስ የሚባል ስም አያውቅም፤ «ኮምፒውተሬ ተሻለው» ነው የሚለው። ሁለት ቀን ያስለቀሰኝ ፕሪንተሩ ነው። የዕቃ ማውጫው ላይ «ፍሬን ሸራ» ብለን ስናትም ሳጥን ሳጥን ብቻ ይወጣል፤ ለካ ትንሿ ፕሪንተር በውስጧ የግዕዝ ፊደል የላትም። ጽሑፉን ወደ ምስል ቀይሬ ስልክላት አተመች። (የታክስ ደረሰኙ ከካሽ ሬጅስተሩ ነው የሚወጣው፣ አልነካሁትም፤ አትደንግጡ።) ሰውዬው በዋጋ አልተከራከረኝም። የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «ሲበላሽ ማን ይመጣል?»

ሒሳብ ያዥ፦ እንዲህ ከሆነማ የምንሸጠው መምጣታችንን ነው። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ2019 ሬድ ሃት የሚባለውን የሊኑክስ ድርጅት በ34 ቢሊዮን ዶላር የገዛው ድጋፍን በዓመት ክፍያ ሲሸጥ ስላየው አይደል? በዓመት ከሆነ እስማማለሁ። ግን ያገኛችሁትን የሊኑክስ ዓይነት ሁሉ እንደግፋለን ካላችሁ አልፈርምም።

የቴክኒክ ኃላፊ፦ ሚንት 22 ብቻ። እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ማሻሻያ አለው።

ሰብሳቢ፦ እንግዲያው እንዲህ ይጻፍ፦ «ፕሮግራሙ፣ ተከላውና የአንድ ዓመት ድጋፍ በአንድ ዋጋ ለሱቆች ይሸጣል። የሚደገፈው ሚንት 22 ብቻ ነው። በቅድሚያ በአቃቂና በገላን አምስት ሱቆች ይሞከራል።» ሒሳብ ያዣችን ዋጋውን እስከ ዓርብ ያምጡልን።

ፀሐፊ፦ የፕሪንተሩም ጉዳይ ይግባ፤ ተከላው ውስጥ ነው ወይስ ለብቻው ይከፈላል?

የገላኑ አባል፦ ለብቻው! እሱንም ብቻዬን እኔ ላይ እንዳትጥሉት።