የሚኒሶታ ሰው «ለየት ያለ ነው» ሲል በአማርኛ ምን እንበልለት?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሚኒሶታ ከሚባለው የአሜሪካ ግዛት፣ ከአንድ ትንሽ ከተማ ተነሥተው ሮምን ሊጎበኙ ስለሚሄዱ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ምእመናን አስቂኝ ልብወለድ እየጻፍኩ ነው። የምኖረው እዚያው ግዛት፣ ሴንት ፖል ከተማ ስለሆነ አነጋገራቸውን በየቀኑ እሰማለሁ፤ ወረቀት ላይ ሳሰፍረው ግን ቀልዱ ይሞትብኛል። ለምሳሌ አንዲት ባልቴት ሮም ውስጥ በቲማቲም የተሠራ ጨጓራ ይቀርብላቸዋል። አንዴ ቀምሰው ሹካቸውን በቀስታ ያስቀምጡና «ለየት ያለ ነው» ይላሉ። በእነርሱ አገር ይህ «ሁለተኛ አፌን አላስነካውም» ማለት ነው። የእኔ አንባቢ ግን ያደነቁት ይመስለዋል። «ከዚህም ሊብስ ይችል ነበር» የሚሉትስ? «ኡፍ ዳ» የምትለዋስ ቃል?

መልስ፦
እህቴ፣ ባልቴቷን «መቼስ እህል አይነቀፍም» አስብያቸው። ይህን ከአንድ እንግዳ አፍ የሰማች አማርኛ ተናጋሪ ወጥ ሠሪ ምን እንደደረሰባት ወዲያው ይገባታል። ጨጓራውን ግን ቀይሪው፤ ዱለት የሚወድ አንባቢ ምራቁን እየዋጠ አይስቅልሽም። ሮማውያን ቀንድ አውጣም ይበላሉ።

«ኡፍ ዳ» የኖርዌይ ስደተኞች ይዘውት የመጡት ነው፤ እንዳለ ይቀመጥ። «እፎይ» እንዳትዪው ብቻ፤ እፎይታ የለበትም። ድካምም፣ ድንጋጤም፣ «ኤጭ»ም ነው።

ሌላ መልስ፦
ለ«ከዚህም ሊብስ ይችል ነበር» ብዙዎች «የባሰ አታምጣ» ይሉ ይሆናል። አይሆንም። የእኛው ጸሎት ነው፤ የሚባለውም መከራ ሲደርስ ነው። የሚኒሶታው ገበሬ ግን አዝመራው ሞልቶ፣ ልጁ ተድሮ፣ ፀሐይ ወጥቶለት «እንዴት ነህ?» ሲባል የሚሰጠው መልስ ነው። ደስታውን ቢናገር ጉራ ይሆንበታል። እኔ «ምንም አይል» እለው ነበር።

በነገራችን ላይ ደራሲው ሲንክሌር ሉዊስ የተወለደው እዚያው ሚኒሶታ፣ ሳውክ ሴንተር ነው። በ1920 ባሳተመው ልብወለድ የትንሽ ከተማ ሰዎችን ጠባብነት ክፉኛ ተሳልቆበታል፤ በ1930 ደግሞ የሥነ ጽሑፍ ኖቤልን የወሰደ የመጀመሪያው አሜሪካዊ ሆነ። የከተማው ሰዎች ምን አደረጉ? አንዱን ጎዳና በስሙ ሰየሙለት። ከዚህ የበለጠ «ምንም አይል» ከየት ይመጣል?

ጠያቂዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ «ምንም አይል»ን ወስጃለሁ። አንድ ቦታ ግን አሁንም ተቸግሬያለሁ። እዚህ አገር ወግ ያለው ሰው ቡና ሲጋበዝ ሁለት ጊዜ «አይ፣ ይቅርብኝ» ብሎ በሦስተኛው ነው የሚቀበለው ይባላል። በልብወለዴ የሮሙ አስተናጋጅ አንድ ጊዜ ብቻ ይጠይቅና ይሄዳል፤ አሥራ ሁለቱም ምእመናን ጦማቸውን ያድራሉ። ይህን «ይሉኝታ» ብዬ ጻፍኩት።

መልስ፦
«ይሉኝታ» ግማሹን ብቻ ነው የሚይዝልሽ። ሥሩ «ይሉኛል» ነውና የሰው ወሬ መፍራቱን ይነግርሻል፤ እስከዚያ ድረስ ከእነርሱ ጋር አንድ ነን። ነገር ግን በእኛ ዘንድ እንግዳው «በቃኝ» ሲል ባለቤቷ «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን» እያለች ጉርሻ ይዛ ትነሣለች። እምቢታው የሚያምረው የሚያሸንፈው ስላለ ነው። የሚኒሶታዋ ጋባዥ ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እንግዲያው ትንሽ ብቻ?» ነው የምትለው፤ ሁለቱም ወገን እየተግደረደረ ቡናው ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ስሙን ተዪውና ድርጊቱን አሳዪ፦ አስተናጋጁ ጀርባውን ሲያዞር አሥራ ሁለቱም በፈገግታ ሸኝተውት ሁለተኛውን ጥያቄ ይጠብቁ።

ጠያቂዋ፦
ተቀብያለሁ። «ሆትዲሽ»ስ? «ትኩስ ሳህን» ብዬ ራሴ ሳቅኩ።

መልስ፦
«ሆትዲሽ» ብለሽ ተዪው፤ ሲናፍቃቸው ይተርኩት፦ የተፈጨ ሥጋ፣ የቆርቆሮ እንጉዳይ ሾርባ፣ ከላይ የተደረደረ ድንች፣ ከምድጃ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት። ሾርባውን ራሳቸው በቀልድ «የሉተራን ማጣበቂያ» ይሉታል፤ እሱን ቃል በቃል ተርጉሚው።