አስቸኳይ!! የአይቢዲና የጉበት ዳታዬ ላይ ፒኤስሲ ከግማሽ በላይ ሆነብኝ፣ ነገ ጠዋት ነው የማቀርበው

ቴሲስ_የያዘው፦
ቤተሰብ እንደምን አመሻችሁ፣ ኤስፒኤስኤስ (የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሩን) የሚችል ወይ ጉበት የሚያውቅ ሰው ካለ ቶሎ ይድረስልኝ። ቴሲሴ አይቢዲ (አንጀት እየተቆጣ የሚቆይበት በሽታ) ያለባቸው ሰዎች ላይ ስለሚታይ የጉበት ችግር ነው፣ ሁለቱም ዓይነት፣ ክሮንስም አልሰሬቲቭ ኮላይተስም አለበት። አሁን ቴብል 2ን ሳወጣ ኮላይተስ ካለባቸው ውስጥ ፒኤስሲ (የሀሞት ቱቦን የሚያጠብበው የጉበት በሽታ) ያለበት ከግማሽ በላይ ሆኖ ወጣ!! ፔፐሮቹ 5 ፐርሰንት አካባቢ ነው የሚሉት። የኤኤልፒው (ደም ውስጥ የሚለካው ኢንዛይም) አማካይም ሰማይ ነክቷል። አድቫይዘሬ ድራፍቱን አይቶ «ይሄን አስተካክለህ ና» ብቻ ብሎ መለሰልኝ፣ የቱን እንደሆነ እንኳን አልጻፈም። ፋይሉ ነው የተበላሸው ወይስ እኔ ነኝ?

ኤክሴል_ሱሴ፦
ወንድሜ ሶርት ነው አትጨነቅ። ወደ ኤስፒኤስኤስ ከማስገባትህ በፊት ኤክሴል ላይ አንዱን ኮለም ብቻ መርጠህ ሶርት ካደረግክ የአንዱ ሰው ኤኤልፒ ከሌላው ሰው ምርመራ ጋር ይሄዳል፣ ከዛ ሁሉም ይደባለቃል። ኦሪጅናሉን ፋይል ክፈትና ሙሉውን ሴሌክት አድርገህ እንደገና ሶርት አድርገው።

ዳር_ቋሚ፦
አዲስ ግኝት ነው በላቸውና ሽልማትህን ተቀበል፣ ምን ያስጨንቅሃል

ቴሲስ_የያዘው፦
ኧረ ባካችሁ አትቀልዱብኝ። ሶርት አላደረግኩም፣ የካርድ ቁጥሮቹን ከወረቀቱ ጋር አመሳክሬያቸዋለሁ ልክ ናቸው።

ጡረተኛው_ሐኪም፦
ልጄ፣ ቁጥሩን ከመነካካትህ በፊት በሽታውን ከሥሩ እንየው። ከአንጀት የሚነሳው ደም በፖርታል ቬን በኩል ቀጥታ ወደ ጉበት ነው የሚሄደው፣ ጉበት ከሚያገኘው ደም ሦስት አራተኛው ያህል በዚሁ መንገድ የሚመጣ ነው፣ ስለዚህ አንጀት ውስጥ የተነሳ ነገር ሁሉ መጀመሪያ የሚያርፈው ጉበት ላይ ነው። ፒኤስሲ፣ ሙሉ ስሙ ፕራይመሪ ስክለሮሲንግ ኮላንጃይተስ፣ የሀሞት ቱቦዎች እየተቆጡ ጠባሳ እየያዙ እየጠበቡ የሚሄዱበት በሽታ ነው፣ መጨረሻው ሲሮሲስ (ጉበቱ በጠባሳ መሞላት) ሊሆን ይችላል፣ የሀሞት ቱቦ ካንሰርም ያሰጋል። ለምን እንደሚነሳ ብዙ ተብሏል። አንዳንዶቹ የአንጀት ባክቴሪያና ባክቴሪያው የሚያመርተው ነገር ሾልኮ ጉበት ጋ ደርሶ ነው ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ አንጀት ውስጥ የሰለጠኑ ሊምፎሳይቶች (በሽታ የሚከላከሉ ነጭ የደም ሴሎች) ጉበት ላይ ሄደው ይሰፍራሉ ይላሉ፣ በዚህ ተነስተው ሊምፎሳይት አንጀት እንዳይገባ የሚያግደውን ቬዶሊዙማብ የፒኤስሲ ሕመምተኞች ላይ አይተውት ነበር፣ አንጀቱን ቢረዳም ለጉበቱ ይህ ነው የሚባል ጥቅም አላሳየም። ኮላይተሱም ለየት ያለ ነው፣ ብዙ ጊዜ ትልቁን አንጀት በሙሉ ይይዛል ግን ምልክቱ ቀላል ነው፣ ሬክተሙ (የትልቁ አንጀት መጨረሻ) ሊተርፍም ይችላል። ስለዚህ አንዳንዱ ሰው ደህና ነኝ እያለ ዓመታት ይቀመጣል። ይሄን ሳይረዱ ቴብል ማውጣት ዋጋ የለውም።

ቴሲስ_የያዘው፦
ዶክተር እግዜር ይስጥልኝ፣ ኢንትሮዳክሽኔ ላይ እጨምረዋለሁ፣ ግን የኔ ጥያቄ ቁጥሩ ነበር

ሰላም_ዳታ፦
ሶርቱን ቼክ አድርገሃል? እኔ ላይም እንደዚህ ሆኖ ሶርት ነበር። ሙሉውን ሴሌክት አድርገህ እንደገና ሞክረው።

ቁጥር_ወዳጅ፦
ቆይ ቆይ፣ ቁጥሩ ተበላሸ ያለው ማነው? ሰዎቹን ከየት ነው የሰበሰብካቸው? እሱን አልጻፍክም እኮ።

ቴሲስ_የያዘው፦
ከጉበት ክትትል ክፍል ነዋ፣ ከየት ላመጣቸው? የጉበት ቴሲስ ነው። እዛ ካሉት ካርዶች አይቢዲ ያለባቸውን ለቅሜ አወጣሁ።

ቁጥር_ወዳጅ፦
በቃ፣ አንዱ ችግርህ ይሄው ነው። ኮላይተስ ኖሮበት ጉበቱ ሰላም የሆነ ሰው ጉበት ክትትል ምን ሊሠራ ይመጣል? 5 ፐርሰንት የሚሉት ፔፐሮች ኮላይተስ ያለበትን ሰው ሁሉ ቆጥረው ከነዛ ውስጥ ስንቱ ፒኤስሲ አለበት ብለው ነው። ገልብጠህ ፒኤስሲ ካለባቸው ስንቱ አይቢዲ አለበት ካልክ ደግሞ ከ60 እስከ 80 ፐርሰንት ነው የሚመጣልህ፣ አብዛኛው ኮላይተስ። ያንተ ከሁለቱም አይደለም፣ ኮላይተስ ኖሮበት በዛ ላይ ጉበቱ ታይቶ ከተላከ ሰው ውስጥ ነው የቆጠርከው፣ ስለዚህ ከ5 ፐርሰንቱ ጋር ልታወዳድረው አትችልም። ሪፈራል ባያስ ይሉታል። ግማሽ መሆኑ ራሱ ሊገርም አይገባም፣ ፕሪቫለንስ (በሽታው ያለበት ሰው ድርሻ) የሚለው ቃል ርዕሱ ላይ ካለ ግን እሱን አውጣው፣ ኮንክሉዥኑም ላይ ካለ እንደዛው።

ቴሲስ_የያዘው፦
ርዕሱ በኮሚቴ ጸድቋል እኮ አሁን አይነካም

ዳር_ቋሚ፦
በኮሚቴ የጸደቀ ጉበት

ቁጥር_ወዳጅ፦
ርዕሱ ካልተነካ ሜተድ ላይ «ጥናቱ የተካሄደው ለጉበት ችግር ክትትል ላይ ባሉ የአይቢዲ ሕመምተኞች ነው፣ ውጤቱ አይቢዲ ላለበት ሰው ሁሉ አይሠራም» ብለህ በግልጽ ጻፈው። ራስህ ቀድመህ ካልከው ማንም አይይዝህም፣ ኤግዛሚነሩ ካገኘው ግን ግማሽ ሰዓት ያቆምሃል።

አንጀት_አርር፦
ይቅርታ መሀል ልግባ፣ እኔ ተማሪ አይደለሁም። ክሮንስ አለብኝ አዛቲዮፕሪን ነው የምወስደው፣ በቅርቡ ለምርመራ ደም ስሰጥ ጉበትህ ከፍ ብሏል አሉኝ። ይሄ የምትሉት ፒኤስሲ እኔም ጋ ሊሆን ይችላል? መድኃኒቱን ላቁመው?

ሬዚደንት_አትቀስቅሱኝ፦
በራስህ አታቁም፣ ውጤቱን ይዘህ ወደሚከታተልህ ሐኪም ሂድ። አዛቲዮፕሪን ራሱ የጉበት ኢንዛይም ከፍ ሊያደርግ ይችላል፣ ሜቶትሬክሴትም እንደዛው፣ ብዙ ጊዜ ዶዝ በመቀነስ ወይ መድኃኒት በመቀየር የሚስተካከል ነገር ነው፣ ክትትል ላይ ያለ ሰው በየጊዜው የደም ምርመራ የሚያደርገውም ለዚህ ነው። ክሮንስ ላይ ፒኤስሲ ከኮላይተስ ያነሰ ነው የሚታየው። ዓይንህ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንትህ ከጠቆረ ወይም ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካለህ ግን ቀጠሮ አትጠብቅ፣ ዛሬውኑ ሂድ።
አንተ ባለ ቴሲሱ ደግሞ፣ ፒኤስሲ አለበት ብለህ ኮድ ያደረግከው በምን ነው? ሁሉም ኤምአርሲፒ (የሀሞት ቱቦ የኤምአርአይ ምስል) ተነስተዋል?

ቴሲስ_የያዘው፦
ኤምአርሲፒ የተነሱት ጥቂት ናቸው። ኮላይተስ ኖሮበት ኤኤልፒው ከኖርማል በላይ ከሆነ 1 ብዬ ነው ያስገባሁት። ካርዱ ላይ «ፒኤስሲ?» ተብሎ የተጻፈበትም አለ እሱንም 1 ብያለሁ። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል ታዲያ?

ሬዚደንት_አትቀስቅሱኝ፦
ምን ሊሆን ይችላል?? ብዙ ነገር! ኤኤልፒ ከአጥንትም ይመጣል፣ አይቢዲ ያለበት ሰው ደግሞ ቫይታሚን ዲው ዝቅ የሚለው ብዙ ነው፣ ስለዚህ ጂጂቲ (ከአጥንት የማይመጣ ሌላ የጉበት ኢንዛይም) የተሠራለት ካለ እሱን ጎን ለጎን እይ፣ ኤኤልፒ ከፍ ብሎ ጂጂቲ ኖርማል ከሆነ ጉበት ላይሆን ይችላል። ነፍሰ ጡር ካለች ከፕላሴንታም ይወጣል። የሀሞት ጠጠር አለ፣ በተለይ ክሮንሱ ኢሊየም (የትንሹ አንጀት መጨረሻ) ላይ ከሆነ ወይ ኢሊየሙ ከተቆረጠ፣ የሀሞት አሲድ እዛ ጋ ነው ተመልሶ የሚመጠጠው፣ እሱ ሲጎድል ጠጠር ይበዛል። ክሮንስ ላለበት ልጅ ከላይ የነገርኩት መድኃኒት አለ። ፋቲ ሊቨር አለ፣ በ2023 ስሙን ማስልድ ያሉት፣ አይቢዲ ላይ ከፒኤስሲ እጅግ በጣም ይበዛል፣ ስቴሮይድ ብዙ የወሰደ ሰው ላይ ደግሞ ሊብስ ይችላል። አንተ ይሄን ሁሉ ሰብስበህ ፒኤስሲ ብለኸዋል ማለት ነው። አድቫይዘርህ አስተካክለህ ና ያለህ ይሄን ይመስለኛል።
ኮዱን እንደገና ሥራው። ኤምአርሲፒ ወይ ኢአርሲፒ (በካሜራ ቱቦ ተገብቶ የሚነሳው የሀሞት ቱቦ ምስል) ላይ ቱቦው አንድ ቦታ ጠቦ አንድ ቦታ ሰፍቶ የታየበት፣ ወይም በባዮፕሲ (ከጉበት ናሙና ተወስዶ) የተረጋገጠ ካለ 1። ኤኤልፒ ብቻ ወይ የጥያቄ ምልክት ብቻ ያለው 2፣ ማለትም የተጠረጠረ። ኢሜጂንግ ተነስቶ ሌላ ምክንያት የተገኘለት 0። ምንም ያልተሠራለት ባዶ ይሁን፣ ባዶን 0 እንዳታደርገው።

ነገር_ፈላጊ፦
ኤምአርሲፒው ኖርማል ሆኖ ፒኤስሲ ያለበት ሰው አለ እኮ፣ ስሞል ዳክት (ትናንሾቹ ቱቦዎች ብቻ የተያዙበት) ይባላል። በዚህ አካሄድህ እነሱን ጣልካቸው ማለት ነው።

ሬዚደንት_አትቀስቅሱኝ፦
ባዮፕሲ ያልኩት ለምን መሰለህ? አንብብ እንጂ ወንድሜ። ይጣሉ አላልኩም፣ ያልተረጋገጠው ለብቻው ይቀመጥ ነው ያልኩት።

ነገር_ፈላጊ፦
ባዮፕሲ ማን ይሠራል ለሁሉም ሰው

ሬዚደንት_አትቀስቅሱኝ፦
አይሠራማ፣ ለሁሉም አያስፈልግም። ኤምአርሲፒው ግልጽ ከሆነ ባዮፕሲ ምን ያደርግልሃል? ኤምአርሲፒው ኖርማል ሆኖ ጥርጣሬው ካለቀቀህ ወይም ከአውቶኢሚዩን ሄፓታይተስ (ሰውነት የራሱን ጉበት የሚያጠቃበት በሽታ) ጋር ተደርቦ ከመሰለህ ነው የሚሠራው።

ቁጥር_ወዳጅ፦
ስለ አማካዩ የተናገረ የለም። ኤኤልፒ በየላቦራቶሪው የኖርማሉ ጣሪያ ይለያያል፣ የተለያየ ላቦራቶሪ የሠሩትን ውጤት እንዳለ ደምረህ አማካይ ማውጣት አይሆንም። እያንዳንዱን ውጤት ለሠራው ላቦራቶሪ ጣሪያ አካፍለው፣ 1.5 እጥፍ ወይ 3 እጥፍ ተብሎ ይመጣል፣ ጥናቶቹም እንደዛ ነው የሚጽፉት። በዛ ላይ ጥቂት ሰዎች በጣም ከፍ ስለሚሉ ሚን (አማካዩን) ተወውና ሚዲያን (በቅደም ተከተል መሀል ያለውን) ከነ ኢንተርኳርታይል ሬንጁ (የመሀለኛው ግማሽ ስፋት) ጻፍ። ደግሞ ዕድሜያቸውን ስንት ነው ያደረግከው?

ቴሲስ_የያዘው፦
የዕድሜ ገደብ አላደረግኩም፣ ካርድ ያለው ሁሉ ገብቷል ልጆችም አሉበት

ሬዚደንት_አትቀስቅሱኝ፦
ወይ ጉድ። ልጆቹን ለይልኝ። አጥንቱ እያደገ ያለ ልጅ ኤኤልፒው በተፈጥሮው ከአዋቂ በላይ ነው፣ በአዋቂ ጣሪያ ብትለካው ጤነኛው ሁሉ ታማሚ ይሆንብሃል። ልጅ ላይ ጂጂቲ ነው የሚታየው። ዛሬ ማታ ጊዜ ስለሌለህ አዋቂዎቹን ብቻ አቅርብና የልጆቹን ለብቻ እሠራዋለሁ በል።

ቴሲስ_የያዘው፦
እሺ ልቀይረው ነው። ካርዶቹን አንድ በአንድ ማየት ሊኖርብኝ ነው አይደል? መብራት እንዳይጠፋብኝ ጸልዩልኝ

ኤክሴል_ሱሴ፦
ከቀየርክ በኋላ ሶርት ስታደርግ ሙሉውን ሴሌክት ማድረግ አትርሳ

አንጀት_አርር፦
ሬዚደንት አመሰግናለሁ፣ ነገ እሄዳለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ፣ አያድርገውና ፒኤስሲ ቢሆን አንጀቴን ቆርጠው ቢያወጡት ጉበቴ ይድናል? ኡርሶ የሚባል መድኃኒት አለ ሲሉም ሰምቻለሁ፣ ገዝቼ ልጀምረው እንዴ?

ጡረተኛው_ሐኪም፦
ልጄ፣ አንጀት ማውጣት የፒኤስሲን አካሄድ አይለውጠውም፣ አንጀታቸው ከወጣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ፒኤስሲ የተገኘባቸውም አሉ። ኡርሶውን በራስህ እንዳትጀምረው። በመደበኛው መጠን ኤኤልፒን ያወርዳል፣ ዕድሜ ማራዘሙ ግን አልታየም፣ መጠኑን ከፍ አድርገው በኪሎ ከ28 እስከ 30 ሚሊግራም የሰጡበት ጥናት ደግሞ መድኃኒቱን የወሰዱት ሰዎች ካልወሰዱት ብሰው ስለተገኙ እንዲቆም ተደርጎ በ2009 ታትሟል። በጣም የጎዳው ሰው ንቅለ ተከላ ይደረግለታል፣ እሱም ላይ ተመልሶ የሚመጣበት ሰው አለ። ያንተ ግን ገና ምኑም አልታወቀም፣ ከመድኃኒትህም ሊሆን ይችላል። ነገ ስትሄድ የሚከታተልህን ሐኪም ኤኤልፒ ነው ወይስ ኤኤልቲ (ሌላው የጉበት ኢንዛይም) ከፍ ያለው ብለህ ጠይቀው፣ የቀድሞ ውጤቶችህንም ይዘህ ሂድ። ፒኤስሲ ነው ከተባለ ደግሞ ተቅማጥም ደምም ባይኖርህ ኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት በካሜራ ማየት) ይሠራልህ፣ አንጀቱም የተያዘ ሆኖ ከተገኘ በየዓመቱ ነው የሚደገመው፣ የትልቁ አንጀት ካንሰር ስጋቱ ፒኤስሲ ሲኖር ከፍ ስለሚል ነው።