ክርክር፦ ሞት ከልደት ለበለጠባቸው የቨርጂኒያ ካውንቲዎች የትምህርት ድጎማ ይጨመር?

መነሻ፦ ከ2010 እስከ 2020 ቆጠራ ላውደን ካውንቲ ከ312,311 ወደ 420,959 ሲያድግ፣ የድንጋይ ከሰል አገሩ ቡካነን ከ24,098 ወደ 20,355 ወረደ። ስቴቱ እንዲህ ላሉት ይጨምር?

ጦቢያ፦ አይጨምር። ገንዘቡ ልጅ ያለበት ይሂድ። ለባዶ ክፍል ማሞቂያ አንከፍልም።

ሥነሕዝብ፦ መነሻው ላይ ያለው ቁጥር ጠቅላላ ለውጥ ነው፤ የሚገባና የሚወጣ ሰውም አለበት። የተፈጥሮ ጭማሪ ከልደት ላይ ሞት ሲቀነስ ብቻ ነው። በእርግጥ ይያያዛሉ፦ የማዕድን ሥራው ሲቀዘቅዝ የሚወልደው ወጣት ይሄዳል፣ አረጋዊው ይቀራል። ስለዚህ ሞቱ በዛ ተብሎ ጤናው ከፋ፣ ልደቱ አነሰ ተብሎ ሴቶቹ መውለድ ተዉ አይባልም። መጀመሪያ በዕድሜ ለይቶ ማወዳደር ነው።

ፌርፋክስ፦ ለትንንሾቹ የአንድ ዓመት ቁጥር አትመኑ። ሃይላንድ ካውንቲ በ2020 የነበረው 2,232 ሰው ነው። በዓመት 16 ልደት ይጠበቃል እንበል፤ በአጋጣሚ ብቻ 8ም 24ም ሊሆን ይችላል። የ5 ዓመት ድምር ይወሰድ። ሌላው አድራሻ ነው። ልደት የሚቆጠረው በእናትየዋ መኖሪያ እንጂ በሆስፒታሉ አይደለም፤ ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ 38 ከተሞች ከካውንቲ ውጭ ራሳቸውን የቻሉ ናቸው። ፖስታው «አሌክሳንድሪያ» (ከእነዚያ ከተሞች አንዷ) የሚለው ስንቱ ቤት ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ እንዳለ የእኛ ሰው ያውቀዋል። አድራሻው በካርታ ካልተጣራ ልደቱ ለሌላው ይጻፋል።

ቀመር፦ ዋናው ነገር ኮምፖዚት ኢንዴክሱ ነው፤ ከትምህርት ወጪው አካባቢው የሚሸፍነውን ድርሻ የሚወስነው። የንብረት ዋጋ 50፣ ገቢ 40፣ የችርቻሮ ሽያጭ 10 በመቶ ይይዛሉ። እያንዳንዱ ሁለት ሦስተኛው ለተማሪ፣ አንድ ሦስተኛው ለነዋሪ ተካፍሎ ይሰላል። ተማሪ ሲያንስ አካፋዩ ያንሳል፤ ካውንቲው ሳንቲም ሳይጨምር በወረቀት ይከብራል፣ የስቴቱ ድርሻም ያንሳል። ላንካስተር ካውንቲን እዩ፦ ጡረተኛው በቼሳፒክ ዳር ውድ ቤት ይዟል፣ ሞቱ ከልደቱ ይበልጣል፣ ኢንዴክሱም ከፍ ያለ ነው። የቡካነን ንብረት ርካሽ ስለሆነ እዚያ ጉዳቱ ይቀላል።

ጦቢያ፦ ታዲያ መለኪያው ሞትና ልደት አይሁና! ተማሪ የቀነሰበት ደሀ ካውንቲ ይረዳ። ላንካስተር ውድ ቤቶቹን ይቅረጥ።

ቀመር፦ ቤቱንስ ይቅረጥ፤ ያውም መራጩ ጡረተኛው ሆኖ። የገቢ ግብር ግን ካውንቲው አይሰበስብም፤ ቀመሩ ያንኑ የጡረተኛ ገቢ 40 በመቶ አድርጎ አቅም አለህ ይለዋል።

ጦቢያ፦ እሱ ላይ ተረታሁ። የቡካነኑ ጥያቄ ግን አልተመለሰም።