የእናቴ ቢጫ ካርድ ውሃ ገባበት፣ በረራችን አርብ ነው! አስቸኳይ

የሽምብጥ ልጅ (ሰኞ ማታ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምታውቁ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። እናቴን ለጉልበት ቀዶ ሕክምና ሕንድ፣ ቼናይ ልወስዳት ነው። ቪዛው ወጥቷል፣ ትኬቱ ተቆርጧል፣ የሆስፒታሉ ቀጠሮ የፊታችን ሰኞ ነው። «ኪዳነ ምሕረትን ሳልሰናበት አገር ለቅቄ አልሄድም» ብላ ዛሬ ዘጌ ይዣት ሄጄ ነበር። ስንመለስ ነፋሱ ተነሣና ውሃው ጀልባው ውስጥ እየገባ አበሰበሰን። ፓስፖርቶቹ ቤት ነበሩ፤ ቢጫ ካርዱ (የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃዋ) ግን ቦርሳዋ ውስጥ ኖሯል። ስሟ ይነበባል። ክትባቱ የተሰጠበት ቦታ ላይ ማኅተሙ ፈስሶ ከቀኑ ላይ «14» የሚለው ብቻ ቀርቷል፤ ወሩም ዓመቱም የሉም፣ የባለሙያው ፊርማ ሐምራዊ እድፍ ሆኗል። በረራችን አርብ ጠዋት 1:10 ነው። ሐሙስ በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ እንነሣለን። እዚህ ባሕር ዳር ካርዱን የሚቀይርልኝ የት ነው? ገንዘባችን ለዚህ ይህን፣ ለዚያ ያን ተብሎ የተመደበ ስለሆነ ትኬት ማራዘም አይታሰብም።

ቸኮለ፦
እንደገና አስከትቢያት። አንድ መርፌ ናት። አዲስ ካርድ ይሰጡሻል፣ አለቀ።

ባለ ባጃጅ፦
ኪዳነ ምሕረት «የት አባሽ ልትሄጂ ነው?» ብላቸዋለች። ከዚህ የበለጠ ምልክት ከፈለግሽ በደብዳቤ ይላክልሽ።

የቀድሞ መምህር፦
ልጄ፣ እግዚአብሔር ይማራቸው፤ ነገር ግን ይህ ለሌሎችም ትምህርት ይሁን። ሰነድ የሚቀመጥበት ቦታ አለው። የጉዞ ሰነድ ከእጅ ቦርሳ፣ ከነጠላ፣ ከመሐረብና ከጸበል ጠርሙስ ጋር አይደባለቅም። የጣና ውሃ ደግሞ ጠዋት ዝም ብሎ ከሰዓት በኋላ እንደሚነሣ የዚህ አገር ሕፃን ያውቃል። የዘጌ ሰው በታንኳ ቡናና እንጨት ጭኖ ሲመጣ የሚነሣው ሳይነጋ ነው። ማንኛውም ሰነድ ዋናው በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ቅጂው በሻንጣ፣ ሌላ ቅጂ ደግሞ ቤት ከሚቀር ሰው ዘንድ መሆን ይገባዋል። እኛ በወጣትነታችን ለአንድ የትምህርት ማስረጃ የምናደርገውን ጥንቃቄ ብነግርሽ…

የሽምብጥ ልጅ፦
ጋሼ፣ ያሉት ሁሉ ልክ ነው። ካርዱ ግን ረጥቧል። አሁን ምን ላድርግ?

ነርስ ከግሽ ዓባይ፦
እህቴ፣ የቸኮለን ምክር አትስሚ። የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ ለመጀመሪያ ጊዜ ለተከተበ ሰው የሚጸናው ከተከተበ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ነገ ብትከተብ አርብ ላይ ካርዱ ገና አልጸናም። ሕንድ ደግሞ ኢትዮጵያን የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች ውስጥ ስለምትቆጥር ከዚህ የሚሄድ ሰው የጸና ማስረጃ ከሌለው እስከ 6 ቀን ለይታ ልታቆየው ትችላለች። ያኔ የሰኞው ቀጠሮ ቀረ ማለት ነው።

ሌላው ነገር፣ ይህ ክትባት የተዳከመ እንጂ በሕይወት ያለ ቫይረስ የያዘ ነው። ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች የመጀመሪያው መርፌ ራሱ በሐኪም ታስቦበት ነው የሚሰጠው። አንዴ የተከተበ ሰው ደግሞ ድጋሚ አያስፈልገውም፤ ቀድሞ በየ10 ዓመቱ ይታደስ ነበር፣ ከሐምሌ 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ግን አንዱ መርፌ ለዕድሜ ልክ ነው። ስለዚህ የጠፋው ወረቀቱ እንጂ ክትባቱ አይደለም። እናትሽ ዕድሜያቸው ስንት ነው? የተከተቡትስ የት ነው? ይህን ሳትነግሪን «የት ይቀየራል» ብትዪ ማን ይመልስልሻል?

የሽምብጥ ልጅ፦
ይቅርታ፣ ተጨንቄ ነው። 64 ዓመቷ ነው። የተከተበችው አምና አዲስ አበባ ነው፤ ወንድሜ ዱባይ ሊወስዳት ብሎ በኋላ ሳይሆን ቀረ።

ደንገል፦
ከባድ አታድርጉት። ቀኑን ታውቁት የለ? በጥቁር እስክሪብቶ ደግመሽ ጻፊበት። ማን ያውቃል።

ነርስ ከግሽ ዓባይ፦
ደንገል፣ ካርዱን ገልጠህ አንብበው። የተሰረዘ፣ የተለወጠ ወይም ሳይሞላ የቀረ ቦታ ካለ ማስረጃው ዋጋ ሊያጣ እንደሚችል እዚያው ላይ ታትሟል። ፊርማና ማኅተም የሌለው፣ በሌላ ሰው እጅ የተደገመ ቀን ይዘው አንዲት እናት በእንግዳ አገር አውሮፕላን ማረፊያ «ማን ጻፈው?» ሲባሉ ምን ይበሉ? በውሃ የተበላሸ ካርድ አደጋ ነው። የተነካካ ካርድ ግን ማጭበርበር ነው።

ደንገል፦
ሐሳብ ነው የሰጠሁት፣ ወንጀል አልሠራሁም።

ቼናይ ደርሼ መጣሁ፦
አባቴን በልብ ሕመም ወስጄ ስለነበር የማውቀውን ልንገርሽ። ለቪዛው ስታመለክቱ የቢጫ ካርዱን ቅጂ አላስገባችሁም? አስገብታችሁ ከሆነ ስካን ያደረገላችሁ ሰው ኮምፒውተር ወይም ያንቺ ኢሜይል ውስጥ ይገኛል። ወንድምሽም ለዱባዩ ጉዳይ ፎቶ አንስቶት ሊሆን ይችላል። ቅጂው ብቻውን አያሳልፋችሁም፤ ነገር ግን ቀኑና የክትባቱ ባች ቁጥር (የምርት መለያው) ስላለበት የከተቧት ቦታ መዝገቡን ገልጠው በቶሎ ያገኟታል። ያለ ቀን «አምና ነው የተከተበችው» ብለሽ ብትሄጂ ግን መዝገብ ስታስገለጪ ትውያለሽ።

እንግዲህ ነገ ማለዳ ለከተቧት ቦታ ስልክ ደውዪ፣ ቅጂውን አስቀድመሽ ላኪ፣ ከዚያ እናትሽን ይዘሽ ሂጂ። ራሷ መገኘት አለባት፣ ምክንያቱም ካርዱ ላይ እሷም ትፈርማለች። የተበላሸውን ካርድ እንዳትጥዪው፣ ይዘሽ ሂጂ። በብረት አትተኩሺው፣ ፀሐይም ላይ አታስጪው፤ በንጹሕ ሶፍት መካከል አድርገሽ መጽሐፍ ጫኚበት። አዲሱን ስትቀበዪ ስሟ ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል አንድ መሆኑን፣ ቀኑም በአውሮፓ አቆጣጠር መጻፉን እዚያው መስኮቱ ላይ ቆመሽ አረጋግጪ። በእኛ አቆጣጠር ከተጻፈ የቼናይ ሠራተኛ እናትሽ ከትክክለኛው ቀን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ቀድማ የተከተበች ይመስለዋል፤ ጉዳት ባይኖረውም ከሌሎች ሰነዶቿ ጋር ስለማይገጥም ጥያቄ ያስነሣል።

ሰላም ነው፦
ቀላል ነው እኮ፣ እንደገና ማስከተብ ነው።

ነርስ ከግሽ ዓባይ፦
ሰላም ነው፣ እባክህ ከላይ ያለውን አንብብ።

ቀበሌ 14፦
እኔ ሌላ ጥያቄ አለኝ። የጉልበት መገጣጠሚያ መቀየር አዲስ አበባ ውስጥም ይሠራል። «ገንዘባችን የተመደበ ነው» እያልሽ ባሕር ማዶ መሄድ ምን የሚሉት ቁጠባ ነው? ትኬት ለሁለት ሰው፣ ማረፊያ፣ ምግብ፣ ምንዛሬ። ይህ ሁሉ ሲደመር እዚሁ ይሠሩላቸው ነበር። ደግሞ ጉልበታቸው የታመመ እናት በአውቶቡስ ባሕር ዳር–አዲስ አበባ? ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶ መውጣት? የመንገዱንም ነገር ታውቂዋለሽ፣ ዛሬ ክፍት ነው ሲሉት ነገ ዝግ ነው።

የሽምብጥ ልጅ፦
ወንድሜ፣ ስለ ሕክምናው የቤተሰብ ውሳኔ ነው፣ ተመካክረን ጨርሰናል። አውቶቡሱ ከአውሮፕላን ስለሚረክስ ነው።

ቀበሌ 14፦
ውሳኔያችሁን አከብራለሁ። መመለሻችሁ መቼ ነው?

የሽምብጥ ልጅ፦
በ15ኛው ቀን።

ነርስ ከግሽ ዓባይ፦
ይህችን ሳላነሣት አላልፍም። ከመገጣጠሚያ ቅየራ በኋላ እግር ውስጥ ደም የመርጋት ስጋት አለ፤ ረጅም ሰዓት ተቀምጦ መብረር ያባብሰዋል። ብዙ ሐኪሞች ለሳምንታት አትብረሩ ይላሉ። ቀኑን የሚወስነው ቀዶ ሕክምናውን ያደረገላቸው ሐኪም ነው። ስለዚህ ትኬቱ የመመለሻ ቀን መለወጥ የሚፈቅድ መሆኑን፣ ቅጣቱም ስንት እንደሆነ ዛሬውኑ እዩ። ርካሹ ትኬት ብዙ ጊዜ ውድ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ባለ ባጃጅ፦
እኔ ቀልደኛ ነኝ፣ ግን ተሳፋሪ በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ ሳመላልስ አንድ ነገር ተምሬአለሁ። እህቴ፣ «አርብ ጠዋት 1:10» ያልሽው ትኬቱ ላይ እንዴት ነው የተጻፈው? ትኬት በእኛ ሰዓት አይጻፍም። 01:10 ከሆነ በእኛ ከሌሊቱ 7:10 ነው። በፈረንጅ ቀኑ እኩለ ሌሊት ላይ ስለሚለወጥ አርብ 01:10 ማለት እኛ ሐሙስ ሌሊት የምንለው ነው። ሐሙስ ማታ 4 ሰዓት ላይ ቦሌ ተሰልፋችሁ መገኘት አለባችሁ። ሐሙስ በአውቶቡስ ብትነሡ አውሮፕላኑን ከሱሉልታ ሆናችሁ ነው የምትሰናበቱት።

ቼናይ ደርሼ መጣሁ፦
ባለ ባጃጅ እጅህ ይባረክ! እኔ ይህን ሁሉ ጽፌ እሷን አላየኋትም።

የሽምብጥ ልጅ፦
አሁን ትኬቱን አወጣሁት። 01:10 ነው። እግሬ ተብረከረከ። ነገ ቦታ ካለ በአውሮፕላን እንሄዳለን፣ ሌላ ምርጫ የለም።

ቀበሌ 14፦
አንድ ሰዓት ገደማ ነው በረራው። ለእናትሽ ይህኛው ይሻላል፣ ስለ ብሩ በኋላ ታዝኛለሽ። ለወደፊቱ ለምታነቡ ሁሉ፦ የአገር ውስጡን ከውጭው ጋር በአንድ ትኬት ቁረጡ። ለየብቻ ከተቆረጠ የመጀመሪያው ቢዘገይና ሁለተኛው ቢያመልጣችሁ አየር መንገዱ «ያ ሌላ ትኬት ነው» ይላችኋል። የሻንጣው ክብደትም የአገር ውስጡ አነስ ይላል።

ቼናይ ደርሼ መጣሁ፦
ነገ ትኬቱን ስትቆርጪ ለሁለቱም በረራ ዊልቸር አስመዝግቢ። ክፍያ የለውም፣ ግን አስቀድሞ መነገር አለበት። ቦሌ ላይ ከመግቢያ እስከ አውሮፕላኑ በር ያለው መንገድ ለታመመ ጉልበት አይሆንም፤ ዊልቸር ያለው ሰው ደግሞ ሰልፉ ያጥርለታል፣ አንቺም አብረሽ ታልፊያለሽ። ያንቺ ቪዛ የአስታማሚ ነው ወይስ የጉብኝት?

የሽምብጥ ልጅ፦
የአስታማሚ ነው።

ቼናይ ደርሼ መጣሁ፦
ጥሩ። ማረፊያን በተመለከተ፣ ሆስፒታሉ አጠገብ ወጥ ቤት ያላቸው የእንግዳ ቤቶች አሉ፤ ገንዘብ የሚድነው እዚያ ነው። በኢንተርኔት ያየሽውን ርካሽ ቤት ግን ዝም ብለሽ አትክፈዪ። በሕንድ የውጭ ዜጋ ያሳደረ ሁሉ ለመንግሥት ማስመዝገብ ስላለበት ትንንሾቹ ቤቶች «የውጭ ሰው አንቀበልም» ብለው በር ላይ ይመልሱሻል። የሆስፒታሉን የውጭ ታካሚዎች ክፍል ጠይቂ፣ ዝርዝር ይሰጡሻል። ሽሮና በርበሬ በደንብ አሽገሽ ያዢ። አባቴ መጀመሪያ ሳምንት ሩዙን አልነካም ብሎ አስጨንቆኝ ነበር፤ ዶሳ የሚሉት ከሩዝና ከጥራጥሬ ቦክቶ የሚጋገር ስስ ቂጣ አለ፣ የእንጀራ የሥጋ ዘመድ ነው፣ ያን ካገኘ በኋላ በሽሮ መብላት ጀመረ። አስተናጋጆቹ ቆመው ያዩን ነበር።

የቀድሞ መምህር፦
ድርቆሽ ይያዙ። ድርቆሽ አይበላሽም፣ ክብደት የለውም። ደግሞም የሰዓቱን ነገር ልጁ በትክክል አስረድቷል፤ ባጃጅ መንዳት ከማሰብ አያግድም ማለት ነው።

ባለ ባጃጅ፦
ጋሼ፣ ምስጋና ነው ስድብ?

የሽምብጥ ልጅ (ማክሰኞ ጠዋት)፦
ስካኑ ቪዛውን ባስሞላንበት ቤት ኮምፒውተር ላይ ተገኘ! ቀኑም ባች ቁጥሩም ይነበባል። የከተቧት ቦታ ስልክ አንሥተው «መዝገቡን እናያለን፣ ከሰዓት በኋላ ደውዪ» ብለውኛል። ለሁለት ሰው የነገ ጠዋት ቦታ አግኝተናል። እናቴ ሁላችሁንም መርቃለች፣ በተለይ ባለ ባጃጁን።

ባለ ባጃጅ፦
አሜን። ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የማደርሳችሁ እኔ ነኝ፣ ዋጋው ግን ያው ነው።

ሰላም ነው (ሐሙስ)፦
ካርዱ ተሰጠ ወይ?

ቼናይ ደርሼ መጣሁ (እሑድ)፦
የሽምብጥ ልጅ፣ ደረሳችሁ?

ዓባይ ማዶ (ከሁለት ሳምንት በኋላ)፦
ይህን ሳነብ ደነገጥሁ። እኔም በሚቀጥለው ወር አባቴን ይዤ ዴልሂ ልሄድ ነው። 71 ዓመቱ ነው፣ ይህን ክትባት ጭራሽ ተከትቦ አያውቅም። ላስከትበው ወይስ ይቅር?

ነርስ ከግሽ ዓባይ፦
መጀመሪያ የሚከታተላቸው ሐኪም ይያቸው፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ንገሩት። ተከተቡ ካለ ከጉዞው 10 ቀን በላይ ቀድሞ ይሁን። መከተብ የለባቸውም ካለ ምክንያቱን በእንግሊዝኛ ጽፎ፣ ፈርሞና ማኅተም አድርጎ ይስጥህ፤ የዓለም አቀፉ የጤና ደንብ ይህን ይፈቅዳል። ነገር ግን ተቀብሎ የማስገባቱ የመጨረሻ ቃል የሄዳችሁበት አገር ነውና ትኬት ከመቁረጥህ በፊት ደብዳቤውን ለኤምባሲው አሳይተህ መልሱን በጽሑፍ ያዝ። አባትህ የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ?