የጋራ ፕሮፖዛሉ ረቂቅ፦ የልጆች ጉልበት ምስልና የዘር ሐረግ ምርመራ

ጸሐፊ፦ እንደምን ዋላችሁ። ሁለቱ ኮሚቴዎች አንድ ፕሮፖዛል እንዲያቀርቡ በተወሰነው መሠረት የመጀመሪያው ረቂቅ ደርሷችኋል። ሐሳቡ ባጭሩ፣ ጉልበታቸውን ለሚያማቸው የነባር ሕዝቦች ልጆች ምስል ስናነሳ፣ በዚያው ቀን ምራቅ ወስደን የዘር ሐረጋቸውንም በዲኤንኤ እንመርምር ነው። አንድ ጉዞ፣ አንድ የስምምነት ቅጽ፣ አንድ በጀት። የማትስማሙበትን ሳታለዝቡ ጻፉ።

ራዲዮሎጂስት፦ «ለሁሉም ልጅ ኤምአርአይ» (በማግኔት የሚነሳው ምስል) የሚለው ይውጣ። ትንንሾቹ ማሽኑ ውስጥ ዝም ብለው ስለማይተኙ ብዙዎቹ ማስተኛ መድኃኒት ይፈልጋሉ፤ ለጥናት ብቻ ብሎ ልጅ ማስተኛት ደግሞ አይገባም። መጀመሪያ በእጅ ይመርመሩ፣ ካስፈለገ ራጅ ወይም አልትራሳውንድ፣ ኤምአርአይ መጨረሻ።

አንባቢውም የልጅ አጥንት የለመደ ይሁን። የጉልበት ሎሚ አጥንት መሆን የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። የ2 ዓመት ልጅ ራጅ ላይ ሎሚው ባይታይ ጤና ነው፤ ያልለመደ ግን «የለም» ብሎ ይጽፍና ቤተሰብ ያስደነግጣል።

ደግሞ ጉልበቴን የሚል ልጅ ሁሉ ጉልበቱን አይደለም። የዳሌ መገጣጠሚያ ሕመም ጉልበት ላይ ይሰማል። በጉርምስና ዕድሜ የጭን አጥንት ራስ ከማደጊያው ላይ ሲንሸራተት፣ የጉልበቱ ራጅ ንጹሕ ይወጣና ልጁ እያነከሰ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ዳሌ መመርመር ግዴታ ሆኖ ይግባልኝ።

ፊዚዮቴራፒስት፦ እኔም ልጨምር። ስፖርት የሚያዘወትር ጎረምሳ ከሎሚው በታች ያለው የቅልጥሙ ጉብታ ሲነካ ካመመው፣ ያ ኦስጉድ ሽላተር የሚባለው በዕድገት ጊዜ የሚመጣ የጉብታው ሕመም ነው፤ ብዙ ጊዜ ምስልም አይፈልግም።

የዘረመል ባለሙያ፦ በምስሉ ነገር እስማማለሁ፣ ዶክተር። ዲኤንኤው ግን ያለ ምክንያት አልገባም። ብላውንት (ቅልጥሙ ከጉልበት በታች የሚጎብጥበት በሽታ) የአፍሪካ ዝርያ ባላቸው ልጆች፣ ዲስኮይድ ሜኒስከስ (የጉልበት ውስጥ ልምጭ አጥንት ከተለመደው ሰፍቶ እንደ ሳህን ሲሆን) ደግሞ በምሥራቅ እስያ ሰዎች በርከት ብሎ ተዘግቧል። ሐረጉ ቢታወቅ ለምርመራው አይረዳም?

ራዲዮሎጂስት፦ ብላውንት ከክብደትና ቶሎ ቆሞ ከመሄድም ጋር ይያያዛል። እኔ ራጁ ላይ የቅልጥሙን ማዕዘን ለክቼ ከ16 ዲግሪ ካለፈ እጠረጥራለሁ። የቅድመ አያት አገር ያንን ቁጥር አይቀይረውም።

የሥነ ምግባር ተጠሪ፦ እኔን ያስፈራኝ «አንድ የስምምነት ቅጽ» የሚለው ነው። አሜሪካ፣ አሪዞና ውስጥ የሃቫሱፓይ ነባር ሕዝብ ከ1990 ጀምሮ ለስኳር በሽታ ጥናት ብለው የሰጡት ደም ስኪዞፍሬንያ ለሚባለው የአእምሮ ሕመምና ለፍልሰት ታሪክ ጥናት እንደዋለ ደርሰውበት ከሰሱ። በ2010 ጉዳዩ በ700,000 ዶላር በስምምነት ተዘጋ፣ የቀረው ደምም ተመለሰላቸው። ሌላው የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ናቫሆ ደግሞ በ2002 በግዛቱ የዘረመል ጥናት አገደ። እናት ለልጇ ጉልበት ብላ የፈረመችውን ለሐረግ ቆጠራ ካዋልነው እኛስ በምን ተሻልን? የልጁና የወላጆቹ ናሙና ሲነጻጸር የአባትነት ጉዳይ ሊወጣ እንደሚችልም ማንም አልጻፈም።

የማኅበረሰብ ግንኙነት፦ ልክ ነው እህቴ። ውጤቱን «ነባር ነው፣ አይደለም» ብሎ የሚያነብም አይጠፋም። አባልነትን የሚወስነው ሕዝቡ ራሱ ነው፣ ላብራቶሪ አይደለም።

የዘረመል ባለሙያ፦ ይህንን እኔም አልክድም። አሥር ትውልድ ወደ ኋላ ብንቆጥር 1,024 የቅድመ አያት ቦታ አለ፤ በእናት በኩል የሚወርደው የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ የሚነግረን ስለ አንዷ ብቻ ነው። እንግዲያው እንዲህ ይሁን፦ ሐረጉ ራሱን የቻለ ክፍል ይሁን፣ ፈቃደኛ አዋቂዎችን ብቻ ይመልከት፣ ጥያቄውንም ሕዝቡ ያውጣ። ልጆቹ ሲያድጉ ራሳቸው ይወስኑ።

ጸሐፊ፦ ተቃውሞ ካልመጣ በዚሁ አስተካክላለሁ። ከልጆች ምራቅ መውሰድ ተሰርዟል፤ ቅጹም ሁለት ሆኗል። ያልተቋጨው የአዋቂዎቹ ናሙና የት ይቀመጥ፣ ይጥፋልኝ ሲባልስ ማን ያጠፋዋል የሚለው ነው። እሱን የሥነ ምግባር ተጠሪና የማኅበረሰብ ግንኙነት አንድ ገጽ አድርጋችሁ ላኩልኝ። ገንዘብ ያዥ፣ የማስተኛ መድኃኒቱን ወጪ ቀንሰው የልጅ ራጅ አንባቢ ክፍያ ያስገቡበት።